ሶይቺሮ ሆንዳ፦ ፋሻ መሥራት አቅቶት ትምህርት ቤት የገባው ሰውዬ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት፣ ታሪኩን ግን ብዙዎቻችን ስለማናውቀው ሰው ነው። ስሙ ሞተር ሳይክል ላይ አለ፣ መኪና ላይ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚንደቀደቀው ጄኔሬተር ላይም አለ። ሆንዳ። አዎ፣ የሰው ስም ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ፣ የአንጥረኛ ልጅ።

ከልደቱ ግን አንጀምርም። ጋራዥ ውስጥ ሁሌ ከሚነሳ አንድ ክርክር እንጀምር። አንድ ልጅ ሞተሩን ፈትቶ ቱርቦ ሊገጥምለት ነው እንበል። ቶርኖ ቤት ወስዶ ሲሊንደሩን ያሰፋው? ወይስ ክራንክሻፍቱን ይቀይረው? ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቀዳዳ ስፋት ቦር ይባላል። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘው ርቀት ደግሞ ስትሮክ ነው፤ እሱን የሚወስነው ክራንክሻፍቱ ነው። ሞተሩ ስንት ሲሲ እንደሆነ የሚሰላው ከሁለቱ ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሲሲ በሰፊና አጭር ሲሊንደርም፣ በጠባብና ረጅም ሲሊንደርም ማግኘት ይቻላል።

ብዙ ሰው ሳያስብ የሚመልሰው ማስፋት ነው። ሰፊ ከሆነ ብዙ ይተነፍሳል፣ ብዙ ከተነፈሰ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ አለቀ። የሚገርመው፣ የሆንዳ ኩባንያ ራሱ በ1983 ቱርቦ ሞተር ይዞ ወደ ፎርሙላ ዋን ሲመለስ የመረጠው ሰፊውን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሐሳቡን ቀየረ። ለምን ሰፊውን እንደመረጠ፣ ከዚያም ለምን መቀየር እንደቻለ ለመረዳት የሰውየውን ሕይወት ማየት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሶይቺሮ የተወለደው በኖቬምበር 17 ቀን 1906 ነው። ቦታው ጃፓን ውስጥ ሀማማትሱ አጠገብ ያለ ኮምዮ የሚባል መንደር ነበር። አባቱ ጊሄይ አንጥረኛ ነበር፤ በኋላ ብስክሌት መጠገን ጀመረ። እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበረች። ልጁ ከደብተር ጋር ብዙም አይዋደድም ነበር። አውሮፕላን ሊያይ ከትምህርት ቤት ቀርቶ፣ የአባቱን ብስክሌት ሳያስፈቅድ ወስዶ ሀማማትሱ ድረስ ሄዷል። መግቢያ ስላልነበረው ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው ያየው። የትምህርት ቤት ውጤት ወላጅ ማኅተም እንዲያሳርፍበት ወደ ቤት ሲላክ ደግሞ፣ ከብስክሌት ፔዳል ጎማ የአባቱን ማኅተም ቀርጾ ራሱ መታበት። ቀለል ብሎት ለጓደኞቹም ቀረጸላቸው፤ የነሱ ግን ተነቃበት። የሆንዳ ስም በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ተገልብጦ ቢቀረጽም አያስታውቅም፤ የሌሎቹ ልጆች ስም እንደዚያ አልነበረም። እኛን ያሳቀን ማጭበርበሩ አይደለም። የመጀመሪያው ሥራው ራሱ ለሱ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው።

በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ አርት ሾካይ የሚባል ጋራዥ ተቀጠረ። መካኒክ ልሆን ነው ብሎ የሄደው ልጅ ለወራት የሠራው የባለቤቱን ልጅ ማዘል ነበር። የጋራዥ ረዳት ሆናችሁ የጀመራችሁ ይሄ ይገባችኋል፤ ስንት ወር ሻይ አምጣ፣ ጨርቅ አጥበህ አምጣ ተብላችኋል! በ1923 ቶኪዮን ያፈራረሰው ትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ጋራዡ ውስጥ ያሉ መኪናዎች ከእሳት መውጣት ነበረባቸው። ሶይቺሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና የነዳው ያን ቀን ነው።

የጋራዡ ባለቤት ዩዞ ሳካኪባራ እሽቅድምድም ይወድ ነበር። አሜሪካ ሠራሽ የአውሮፕላን ሞተር፣ ከርቲስ የሚባል 8 ሊትር ያለፈ ባለ 8 ሲሊንደር፣ አሮጌ የመኪና ሻንሲ ላይ አስገጠመ። በ1924 ያ መኪና ሲያሸንፍ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ረዳት መካኒክ ሶይቺሮ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ይሄ ሰው እሽቅድምድም ከደሙ አልወጣም። በ1928 ሀማማትሱ ተመልሶ የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ፣ ገንዘብም አገኘ። በ1936 ታማጋዋ በሚባል የመሮጫ ሜዳ ላይ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆኖ ራሱ ባስተካከለው ፎርድ ሲወዳደር ከሌላ መኪና ተጋጭቶ ተገለበጠ። ሁለቱም ተጎዱ። እንደ ሹፌር መወዳደሩ እዚያ ላይ አበቃ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

መጠገን ሰልችቶት መሥራት ፈለገ። የመረጠው ደግሞ ትንሽ የምትመስል ነገር ነበር፦ ፒስተን ላይ የሚታሰረው ቀለበት፣ የኛ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት። ፋሻ በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ይሠራል። የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ ይዘጋል። የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ይጠርጋል። የፒስተኑን ሙቀት ደግሞ ወደ ግድግዳው ያሻግራል። ይሄ ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ እናንተ ግን ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ሶይቺሮ ፋሻ ማውጣት አቃተው። ያወጣው ሁሉ ይሰበራል፣ አለዚያም ሲሊንደሩን ይፍቃል። ቀን ከሌሊት ቢሠራ አልሆነም፤ ያጠራቀመው ገንዘብ አለቀ። በመጨረሻ ሀማማትሱ ወዳለው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሄዶ አንድ መምህር ብረቱን እንዲመረምርለት ጠየቀ። ችግሩ ሲሊኮን የሚባለው ንጥረ ነገር ማነሱ ነበር። ሶይቺሮ ሲሊኮን ምን እንደሆነ እንኳን አያውቅም ነበር። ዕድሜው 30 ያለፈ፣ ሠራተኞች የሚያስተዳድር ሰውዬ ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ትምህርት ጀመረ። ፋሻውን የሚመለከተውን ብቻ እየሰማ፣ ሌላውን እየተወ ማለት ነው። ፈተና አልፈተንም ስላለ ወረቀት አላገኘም።

እኛም ዲግሪ የለንም፣ ስለዚህ ይሄ ታሪክ ደስ ይለናል። ግን ትምህርት ምን ያደርጋል ለማለት ይሄንን የሚያነሱ ሰዎች ግማሹን ነው የሚያወሩት። ሰውየው ወረቀቱን ናቀ እንጂ ክፍሉን አልናቀም። እልህና ጉልበት ብቻውን ፋሻ እንደማያወጣ ገብቶት ነው የገባው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ቀላል አልነበረም። 30,000 ገደማ ፋሻ ሠርቶ 50 መርጦ ለቶዮታ አቀረበ፤ ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። እንደገና ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ፣ ብረት ፋብሪካ ለብረት ፋብሪካ ዞረ። ቆይቶ ተሳካለት፣ ቶካይ ሴይኪ የሚባለው ፋብሪካውም አደገ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንዱ ፋብሪካው በአሜሪካ ቦምብ ተመታ፤ ሌላውን በጃንዋሪ 1945 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈረሰው። የተረፈውን ለቶዮታ በ450,000 የን ሸጦ አንድ ዓመት ያህል ቁጭ አለ። ጠላ ቢጤ በቤቱ እየጠመቀ ጓደኛ ሲጋብዝ ነበር ይባላል።

በ1946 ሠራዊቱ ለሬዲዮ ማሠሪያ ይጠቀምባቸው የነበሩ ትንንሽ ሞተሮች ተጥለው አገኘ። አንዱን ብስክሌት ላይ አሰረው። ለነዳጅ ታንክ መጀመሪያ የተጠቀመው ሰው አልጋ ውስጥ ለሙቀት የሚይዘውን የውሃ መያዣ ነበር። ባለቤቱ ሳቺ ነድታ ሞከረችው፤ ሱሪዋም በዘይት ተበላሸ። ባቡር ታጭቆ በሚሄድበት፣ ነዳጅ በማይገኝበት አገር ነገሩ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው የተሸጠው። በሴፕቴምበር 1948 የሆንዳ ሞተር ኩባንያ ተመሠረተ። በቀጣዩ ዓመት ታኬኦ ፉጂሳዋ ተቀላቀለ። ፉጂሳዋ ገንዘቡንና ሽያጩን ያዘ፣ ሶይቺሮ ሞተሩን። ይሄን ስም አትርሱት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙውን በፍጥነት እናልፈዋለን፤ ሱፐር ካብ የምትባለዋ ትንሽ ሞተር በ1958 ወጥታ ዓለምን እንዳዳረሰች ታውቃላችሁ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ውድድሩ ነው። በ1954 ሶይቺሮ የእንግሊዞቹን የማን ደሴት ውድድር ሊያይ ሄደ። እዚያ ያሉት ሞተሮች በአንድ ዓይነት ሲሲ ከሱ ሞተር ሦስት እጥፍ ገደማ ጉልበት እንዳላቸው ሲያይ ደነገጠ። መልሱ ምን ነበር? ዙር። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በከባቢው ያለውን ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባውን ብዙ መጨመር ስለማይችል በደቂቃ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ አለበት። ቶሎ ለመተንፈስ ደግሞ ፒስተኑ ረጅም መንገድ መሮጥ የለበትም፦ ስትሮኩ ይጠር። ለሰፊ ቫልቭ ቦታ እንዲኖር ቦሩ ይስፋ። ሲሊንደሮቹም ትንንሽና ብዙ ይሁኑ።

ሆንዳ ይሄን እስከ ጥግ ወሰደው። በ1961 በማን ደሴት በ125 እና በ250 ሲሲ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ጠራርጎ ወሰደ። በኋላ የሠራው ባለ 125 ሲሲ ሞተር 5 ሲሊንደር ነበረው፤ የእያንዳንዱ ቦር 35.5 ሚሊሜትር፣ ስትሮኩ 25.14 ሚሊሜትር። በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይሄድ ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ አንድ አውራ ጣት እንጂ ሌላ አይገባም! ፎርሙላ ዋን በ1964 ሲገባም ያው ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሚፈቅደው 1.5 ሊትር ነበር። ሆንዳ ያንን ለ12 ሲሊንደር ከፋፈለው፤ ቦር 58.1፣ ስትሮክ 47። በኦክቶበር 1965 ሪቺ ጊንተር በዚህ ሞተር ሜክሲኮ ላይ አሸነፈ። የሆንዳ የመጀመሪያው የፎርሙላ ዋን ድል ነው። ጉልበቱ 230 ፈረስ ገደማ ነበር። ይቺን ቁጥርም ያዙልን።

እዚህ ድረስ ሰውየው ሁሌ ትክክል ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

ሶይቺሮ አንድ እምነት ነበረው፦ ሞተር በአየር እንጂ በውሃ መቀዝቀዝ የለበትም። ውሃውንም ቢሆን መጨረሻ ላይ በራዲያተር የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፤ ታዲያ ውሃው በመሃል ምን ያደርጋል የሚል ነበር አስተሳሰቡ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ለሞተር ሳይክልም ይሠራል። በ1968 ግን 3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ የፎርሙላ ዋን መኪና አሠራ። የቡድኑ ሹፌር ጆን ሰርቲስ መኪናውን ሞክሮ ለውድድር አይሆንም ብሎ እምቢ አለ። ለፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ጆ ሽሌሰር የሚባል ፈረንሳዊ ተቀመጠበት። ጁላይ 7፣ ሩዋን፣ ዝናብ። ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። አካሉ ማግኒዚየም ስለነበረ እሳቱ የሚጠፋ አልሆነም። ሽሌሰር እዚያው ሞተ።

ስለ ሆንዳ የሚጻፉ የማበረታቻ ጽሑፎች ይሄንን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። እኛ መዝለል አልፈለግንም። የአደጋው ምክንያት አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዝናብ ነበር፣ ሌላም ነገር ይኖራል። ግን መኪናው ያልደረሰ መሆኑን የነዳው ሰው ተናግሮ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሆንዳ ከፎርሙላ ዋን ወጣ።

ሰውየው ግን አሁንም ሐሳቡን አልቀየረም። በ1969 ሆንዳ 1300 የምትባል የቤት መኪና በአየር ማቀዝቀዣ አወጣ። ከባድ ሆነች፣ ለመሥራት ውድ ሆነች። ታዳሺ ኩሜን ጨምሮ ወጣት ኢንጂነሮቹ የጭስ ብክለት ሕግ እየመጣ ስለሆነ የሲሊንደሩን ሙቀት እኩል መቆጣጠር የሚቻለው በውሃ ነው ብለው ይከራከራሉ፤ እሱ ይቆጣል። የሱ ቁጣ ደግሞ የምር ነው፤ መፍቻ ይወረውር እንደነበር አብረውት የሠሩ ተናግረዋል። ማን ይናገረው? የኩባንያው ስም እኮ የሱ ስም ነው። በመጨረሻ የሄደው ፉጂሳዋ ነው። ስለ ሞተር አልተከራከረውም፤ አያውቅምና። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያቀረበለት፦ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነው ወይስ ኢንጂነር? ሁለቱን አንድ ላይ መሆን እንደማይችል፣ መምረጥ እንዳለበት ነገረው። ሶይቺሮ ፕሬዚዳንትነቱን መረጠ። ውሃውን ፈቀደ።

ያ ፈቃድ ብዙ ነገር አመጣ። በ1972 ሲቪክ መጣች፤ በዚያው ዓመት ኩባንያው የአሜሪካን ጥብቅ የጭስ ሕግ የሚያሟላ ሲቪሲሲ የሚባል ሞተር አስተዋወቀ፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ። በ1973 ሶይቺሮና ፉጂሳዋ አብረው ጡረታ ወጡ። ሶይቺሮ 66 ዓመቱ ነበር። ልጆቹን ኩባንያው ውስጥ አላስገባም። ጡረታ ወጥቶ ምን ሠራ? ጃፓን ውስጥ ያሉትን የሆንዳ ፋብሪካዎችና መሸጫዎች እየዞረ የሠራተኛውን እጅ ጨበጠ።

አሁን ወደ ጋራዡ ክርክር እንመለስ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎርሙላ ዋን ሁለት ዓይነት ሞተር ይፈቅድ ነበር፦ 3 ሊትር ያለ ቱርቦ፣ ወይም 1.5 ሊትር ከቱርቦ ጋር። ቱርቦ ማለት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተርባይን ያዞራል፤ ተርባይኑም አየር እየጠቀጠቀ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል። ሆንዳ በፎርሙላ ቱ ውድድር የሚያሸንፍ ባለ 2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ቦሩ 90 ሚሊሜትር፣ ስትሮኩ 52.3። ታዲያ ከዚህ 1.5 ሊትር እንዴት ይውጣ? ቀላሉ መንገድ ቦሩን እንዳለ ትቶ ክራንክሻፍቱን ማሳጠር ነው። ስትሮኩ 39.2 ሚሊሜትር ሆነ። እስቲ አስቡት፦ የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ የሚያክል ስፋት፣ ከአንድ ጣት ያነሰ ርዝመት። እንደኛ ግምት፣ ምርጫው ለማንም የሆንዳ ሰው እንግዳ አልነበረም። የአለቃቸው የድሮ መንገድ ነው፤ ሰፊ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ብዙ ዙር ይሂድ።

በ1984 የዊሊያምስ ቡድን በዚህ ሞተር ዳላስ ላይ በኬኬ ሮዝበርግ አንድ ጊዜ አሸነፈ። ያም ሆኖ ዓመቱ ሙሉ ሞተር ሲበላሽ ነው ያለፈው። ጉልበቱ ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንዴ ይመጣ ነበር፣ ሙቀቱም አስቸገረ።

ለምን? ቱርቦ ጨዋታውን ይገለብጠዋል። አየሩ ተጠቅጥቆ ስለሚገባ ትልቅ ቫልቭ የድሮውን ያህል አንገብጋቢ አይደለም፤ ዙር ማብዛትም ብቸኛው መንገድ መሆኑ ቀርቷል። አዲሱ ጠላት ሙቀት ነው። ካንዴላው መሃል ላይ ነው የሚገኘው። እሳቱ ከመሃል ተነስቶ ግድግዳው ድረስ መድረስ አለበት። ቦሩ 90 ከሆነ 45 ሚሊሜትር ይጓዛል። እሳቱ ሳይደርስ ጥግ ላይ ያለው የተጨመቀ ነዳጅና አየር በራሱ ከፈነዳ መካኒኮች ኖክ የሚሉት ነው፤ ፒስተን ይበሳል፣ ፋሻ ይሰብራል። ደግሞ ሲሊንደሩ ሰፊና አጭር ሲሆን ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍተት እንደ እንጀራ የተዘረጋ ቀጭን ነገር ይሆናል። እኛ አስልተነዋል፤ አየሩ 9.4 ጊዜ ቢጨመቅ፣ በ90 ቦር የሚቀረው ከፍታ በአማካይ 4.7 ሚሊሜትር ነው፣ በ79 ቦር ደግሞ 6 ሚሊሜትር። የተዘረጋ ቀጭን እሳት ሙቀቱን ለብረቱ ይሰጣል እንጂ ፒስተኑን በደንብ አይገፋም።

ፋሻውስ? ሙቀት የሚያሻግረው እሱ ነው ብለናል። 90 ቦር ላይ የአንድ ፋሻ ዙሪያ 28 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ 79 ላይ 25 ሳንቲሜትር ገደማ። ጋዝ ሊያመልጥበት የሚችለው መስመር በየሲሊንደሩ ያን ያህል ያጥራል። የፒስተኑ ራስ ስፋትም ከ64 ወደ 49 ካሬ ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ግፊት ሲመጣ ፒስተኑ ክራንክሻፍቱን የሚመታበት ኃይል ሩብ ያህል ይቀንሳል። መቼም ነፃ ነገር የለም። ስትሮክ ሲረዝም ፒስተኑ በአንድ ዙር የሚሮጠው መንገድ ይረዝማል። በ12,000 ዙር 39.2 ስትሮክ ያለው ፒስተን በአማካይ በሰከንድ 16 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 50.8 ከሆነ 20 ሜትር። የክራንክሻፍቱም ክንድ ሲረዝም ብረቱ ይበልጥ መጠንከር አለበት። ግን ይሄኛውን ዕዳ መክፈል ይቻላል፤ የቀለጠ ፒስተን ይዞ ግን አይነዳም።

የሆንዳ ኢንጂነሮች በ1985 አጋማሽ ቦሩን ወደ 82 አጠበቡት፣ ስትሮኩን 47.2 አደረጉት። ወዲያው ዲትሮይት ላይ አሸነፉ፤ የዓመቱን የመጨረሻ ሦስት ውድድሮችም ዊሊያምስ ወሰደ። በ1986 ደግሞ እንደገና አጠበቡት፦ 79 በ50.8። ሲሲው ያው 1.5 ሊትር ነው፤ ቅርጹ ብቻ ነው የተቀየረው። በዚያ ዓመት ዊሊያምስ የቡድኖቹን ዋንጫ አነሳ። በ1987 ይሄ ሞተር ከ1,000 ፈረስ በላይ ይሰጥ ነበር። ያዙልን ያልናችሁን ቁጥር አስታወሳችሁ? 1965፣ 1.5 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ 230 ፈረስ። በ22 ዓመት ከአራት እጥፍ በላይ፣ ያውም በግማሽ የሲሊንደር ቁጥር።

ይሄን ሞተር ሶይቺሮ አልሠራውም። ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ የሱ ድርሻ እንግዳ ሆኖ መጥቶ እጅ መጨበጥ ነበር። ሥራውን የሚመራው ኖቡሂኮ ካዋሞቶ በ1964ቱ ፕሮጀክት በወጣትነቱ የሠራ ሰው ነው፤ በዚያን ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው ደግሞ ያ በውሃ ጉዳይ ሲሟገት የነበረው ኩሜ። እኛ የሚመስለን ይሄ ነው፦ 90ን ጥሎ ወደ 79 መውረድ የድሮ አለቃን እምነት መጣል ነበር፤ 1969 ላይ ሰውየው እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ልጆች መኖራቸውም ያጠራጥራል። አንዳንዶቹ ትተውት ይሄዱ ነበር።

በ1988 ሕጉ ቱርቦውን አጠበቀ፦ ግፊቱ ከ2.5 ባር እንዳይበልጥ፣ ነዳጁ ከ150 ሊትር እንዳይበልጥ። ብዙዎች ቱርቦ በዚህ ያበቃለታል ብለው ነበር። ሆንዳ 79 በ50.8ን እንደያዘ ቀጠለ፤ ጠባቡ ሲሊንደር ነዳጅ ለመቆጠብም ይመቻልና። ማክላረን በአይርተን ሴናና በአላን ፕሮስት ከ16 ውድድር 15ቱን አሸነፈ።

ያመለጠችው አንዷ ሞንዛ ላይ ነች። ፕሮስት ሞተሩ አስቸግሮት ወጣ። ሴና እየመራ፣ ሁለት ዙር ሲቀረው፣ አንድ በዙር የተቀደመ መኪና ሊያልፍ ሲል ተጋጨና ቆመ። የዚያ መኪና ሹፌር ዣን ሉዊ ሽሌሰር ነበር። በ1968 ሩዋን ላይ በሆንዳ ውስጥ የሞተው የጆ ሽሌሰር የወንድም ልጅ። ይሄን ስናነብ ስልካችንን አስቀምጠን ትንሽ ዝም አልን።

ቱርቦ በ1989 ከፎርሙላ ዋን ታገደ። ሶይቺሮ ሆንዳ በኦገስት 5 ቀን 1991 ቶኪዮ ውስጥ በጉበት ሕመም በ84 ዓመቱ አረፈ። ትልቅ ቀብር እንዳይደረግለት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ መኪና የሚሸጥ ሰው በሞቱ መንገድ ማዘጋጋት የለበትም ብሎ ያምን ነበር። ኩባንያው በየቢሮው ለምስጋና የሚመጣውን ሰው ብቻ አስተናገደ።

ከስድስት ቀን በኋላ ሀንጋሪ ላይ ውድድር ነበር። ሴና ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ ነዳ፣ አሸነፈም። ከኋላው የነበረው የሆንዳ ሞተር ቱርቦ አልነበረውም። 12 ሲሊንደር ነበር፣ እንደ ሜክሲኮው።